ለጨለመው ቤተ ክርስቲያናችን ምን ይሻለዋል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዓምድ ስለ ሕንፃ አሠራርና እድሳት ከአንባብያን የሚደርሱንን ጥያቄዎች እናስተናግዳለን። ለዚህ እትም የተመረጡት ደብዳቤዎች ሁሉም ከካቶሊክ ምዕመናን የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚያነሡትም የቤተ ክርስቲያንን የውስጥ ክፍል እድሳት ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኛ በደቡብ ኢትዮጵያ በአንዲት የወረዳ ከተማ የምትገኝ የላቲን (የሮም) ሥርዓት ቁምስና (ደብር) የሕንፃ ኮሚቴ አባላት ነን። ቤተ ክርስቲያናችን በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ በሚሲዮናውያን የተሠራች፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ከወገብ በታች ቡናማ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ የቺፕውዱ ኮርኒስ በጢስና በፍሳሽ ጠቁሯል፤ የመስኮቶቹ መስታወት ቢጫና ሻካራ በመሆኑ በጠዋት ቅዳሴ እንኳ ኒዮኑ ካልበራ የመዝሙር መጽሐፍ ማንበብ አይቻልም። ኮሚቴው ያቀደው ግድግዳውን በሙሉ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ለመቀባት፣ ወለሉን የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ለማንጠፍ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው የጀሶ ኮርኒስ ከነመብራቱ ለማሠራትና ከስቅለቱ ጀርባ ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራት ለመዘርጋት ነው። አንዳንዶቻችን ግን ቤተ ክርስቲያኗ የሠርግ አዳራሽ እንዳትመስል ሰግተናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የሰጋችሁት በቂ ምክንያት ኖሯችሁ ነው። ብርሃን እንደሚያስፈልጋችሁ ጥርጥር የለውም፤ ይሁንና ቤተ ክርስቲያን ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ሲበራ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፤ ገና ከበር የገባው ምዕመን ወዴት እንደሚመለከት የሚነግረው ነገር አይኖርም። እንግዲህ በመጀመሪያ መስማማት ያለባችሁ ብርሃኑ የት ይብዛ፣ የት ይቀንስ በሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት የመሠዊያው ስፍራ ከሁሉ ይበልጥ ሊበራ፣ የንባቡ አትሮንስና የጥምቀቱ ገንዳ ሊከተሉት፣ የምዕመናኑ መቀመጫ ለማንበብ የሚበቃ ለስላሳ ብርሃን ሊያገኝ፣ የጎንና የኋላ ጥጎችም ለብቻው ተንበርክኮ ለሚጸልይ ሰው በመጠኑ ደብዘዝ ብለው ሊቆዩ ይገባል። ይህን ሥርዓት ከያዛችሁ ቀለሙም፣ መስታወቱም፣ አምፖሉም የሚመረጡት በእሱ መሠረት ይሆናል።

ብርሃንን ለአምልኮ የማዋል ጉዳይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቆየ ታሪክ አለው። በፓሪስ አጠገብ የሚገኘው የሳን ዴኒ ገዳም አበምኔት ሱዤር በ1144 ያስመረቀው የመቅደስ ክፍል ወፍራሙን ግድግዳ በባለቀለም መስታወት በመተካቱ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተስፋፋው የጎቲክ አሠራር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሱዤር ይፈልገው የነበረው የሰው ልብ ከሚታየው ብርሃን ተነሥቶ ወደማይታየው እንዲያርግ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሠዓሊው ሄንሪ ማቲስ በደቡብ ፈረንሳይ በቫንስ ከተማ ለዶሚኒካውያት እኅቶች የሠራው፣ በ1951 የተመረቀው ጸሎት ቤት አለ። ግድግዳው ነጭ ሸክላ ሲሆን በላዩ ያሉት ሥዕሎች በጥቁር መስመር ብቻ የተሠሩ ናቸው። መስኮቶቹ ግን ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስታወት በመሆናቸው ፀሐይ ስትገባ ነጩ ግድግዳና ወለል ከሰዓት ሰዓት መልኩ ይለዋወጣል። ነጭ ግድግዳ ለጸሎት የሚመች የሚሆነው የሚቀበለው ብርሃን ሲታሰብበት መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ከፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል የሚገኝ ይመስለኛል። ካቴድራሉ ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ተቃጥሎ በዲሴምበር 2024 ተመልሶ ሲከፈት፣ ብዙዎችን ያስገረማቸው አዲሱ ጣሪያ ሳይሆን የውስጡ ንጣት ነበር። ከእሳቱ በፊት ጎብኚ የሚያውቀው ጥቁር ግራጫ ግድግዳ የድንጋዩ መልክ አልነበረም፤ በብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የሻማ ጢስና አቧራ ነበር። ባለሙያዎቹ ከተቃጠለው የእርሳስ ክዳን የወረደውን ብናኝ በመምጠጫ ካነሱ በኋላ፣ እንደ አጥሚት የወፈረ የላቴክስ ፈሳሽ በድንጋዩ ላይ ረጩ፤ ሲደርቅም እየላጡ ሲያነሱት እድፉ አብሮት ተነሣ። በዚህ መንገድ ከ40 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ግድግዳና ጣሪያ ሲጸዳ ከሥሩ ወተት የመሰለ የኖራ ድንጋይ ብቅ አለ። ያ ሁሉ ብርሃን የመጣው ከቀለም ባልዲ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በጎን ባሉት ጸሎት ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ መሪነት የተሣሉት ደማቅ ጌጦች እንዳሉ ታጥበው ቀለማቸው እንዲወጣ ተደረገ እንጂ በነጭ አልተሸፈኑም። በመካከል ደግሞ ጊዮም ባርዴ የነደፈው፣ ጌጥ የማይታይበት የነሐስ መሠዊያ ቆሟል፤ ከነጣው ድንጋይ መካከል ጠቆር ያለው ይህ መሠዊያ ከሩቅ ዓይን ይይዛል።

ሁሉም ማጽዳት ግን እንዲህ በምስጋና አልተጠናቀቀም። በፈረንሳይ የሚገኘው የሻርትር ካቴድራል የውስጥ ግድግዳ ከ2009 ጀምሮ ሲታደስ፣ ከጥቀርሻው ሥር የ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖራ ቅብ በመገኘቱ ግድግዳው ወደዚያ ቀለም እንዲመለስ ተደረገ። ጥቁር ሆና ለብዙ ዘመን የተከበረችው የእመቤታችን ሐውልት በጽዳቱ ፊቷ ነጥቶ ስትታይ ግን ከፍ ያለ ክርክር ተነሣ። ባለሙያዎቹ ማስረጃ ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ምዕመናን በፊቱ ሲጸልዩ የኖሩበትን ምስል መልክ መለወጥ የቀለም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ክርክር እንማራለን። እናንተም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለምዕመናኑ፣ በተለይም ቤተ ክርስቲያኗ ስትሠራ ድንጋይ ላቀበሉት ሽማግሌዎች፣ ሐሳባችሁን አስረዱ፤ የድሮ ፎቶግራፍ ያላቸውንም ጠይቁ። ከቡናማው ቀለም ሥር ምን እንደነበረ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ሕንፃ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚስተካከለው የውሃው ጉዳይ ነው። ኮርኒሱ በፍሳሽ መጥቆሩን ነግራችሁናል፤ ስለዚህ የቆርቆሮው ምስማር፣ አሸንዳውና በግድግዳው ዙሪያ ያለው የውሃ መውረጃ ሳይስተካከል የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በሁለት ክረምት ይታጠባል። የግድግዳው እግር አርጥቦ ከሆነ ከውጭ በኩል የተከመረው አፈር ይነሣ፣ ውሃውም እንዲርቅ ቦይ ይቆፈርለት፤ ከዚያም አንድ በጋ ሙሉ ይድረቅ። ይህን ያህል መታገሥ ለኮሚቴ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሲነሣ ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ስለ ቀለሙ የምመክራችሁ ፕላስቲክ ቀለምን ትታችሁ ኖራ እንድትጠቀሙ ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ በተለይ በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከሆነ፣ ከውስጡ የሚወጣውን እርጥበት መተንፈስ አለበት፤ ፕላስቲክ ቀለም ይህን ስለሚዘጋው እርጥበቱ ከሥር ተጠራቅሞ ልስኑን ያፈርሰዋል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲደርቅም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አቀባቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ኖራው በውሃ ጠፍቶ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ መቆየት፣ ግድግዳውም ከመቀባቱ በፊት በውሃ መርጠብ፣ ቅቡም እንደ ወተት ቀጥኖ አራት አምስት ጊዜ መደራረብ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ቀለም ቀቢው ምንም ያልሠራ ያህል ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ እየደረቀ ሲሄድ ነው የሚነጣው። የሚሰጠውም ንጣት አይፋጅም፤ ብርሃኑን ስለሚበትነው ግድግዳው ራሱ በርቶ የቆመ ይመስላል። ጥቂት ቢጫ አፈር ቢጨመርበት የበለጠ ይሞቃል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አይያዝም፤ ቡናማው ቀለም እስከ ልስኑ ድረስ መፋቅ አለበት። ጠቅላላውን ከመጀመራችሁ በፊት በመሠዊያው አጠገብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ቀብታችሁ በጠዋትና በማታ ቅዳሴ ተመልከቱት።

መስኮቶቹ በእኔ ግምት ከቀለሙ ይልቅ ለውጥ የሚያመጡ ናቸው። ያ ቢጫ ሻካራ መስታወት ብርሃኑን ከመቀነሱም በላይ የሰውን ፊትና የአልባሳቱን ቀለም የታመመ ያስመስለዋል። በምዕመናኑ በኩል ያሉትን በንጹሕ ወይም በትንሹ ወተት በሚመስል መስታወት ለውጡ፤ ባለቀለሙን መስታወት ለመሠዊያው አካባቢ መስኮቶች ብቻ አስቀሩት። ጥሩ ባለቀለም መስታወት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስኮት ሰው ቆሞ እንዲያይ የሚያስገድድ ነው። አቅማችሁ ሁለት ጠባብ መስኮት ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ነገር ግን በተለጣፊ ፕላስቲክ አታስመስሉ። ከቆርቆሮው መካከል ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ለማስገባት ካሰባችሁም ተጠንቀቁ፤ በቀትር ራስ ላይ የሚወርደው ፀሐይ ያቃጥላል፣ መጋጠሚያውም ማፍሰሱ አይቀርም።

ደረጃ ደረጃ ያለውን የጀሶ ኮርኒስ ተውት። የሠርግ አዳራሽ ስጋታችሁ ሁሉ የሚመጣው በዋናነት ከእሱ ነው፤ ዓይንን ወደ ላይ ይስብና እዚያው በጌጡ ላይ ያስቀረዋል። ቺፕውዱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው የጣሪያ እንጨት ጤነኛ ከሆነ ጸድቶ ቢታይ፣ በመካከሉም ቀለል ያለ የጣውላ ኮርኒስ ቢገባ ይበልጣል። የጣውላ ጥቅም ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ይመጥጣል። ነጭ ጠንካራ ግድግዳ፣ ጀሶ ኮርኒስና ሴራሚክ ወለል ሲገናኙ ድምፅ እየተጋጨ ይመለሳልና የቆሞሱ (የቁምስናው ካህን) ስብከት ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ወዲያ እንደማይሰማ ካሁኑ እወቁት። በዚያ ዘመን የነበረው ኮርኒስ አስቤስቶስ ያለበት ሰሌዳ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሠራተኛ እንዳይሰብረው፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ የሚያነሣው ባለሙያ ይሁን።

ወለላችሁ ሲሚንቶ ወይም ቴራዞ ከሆነ በማሽን ተሞርዶ ቢጸዳ ከአዲስ ሴራሚክ ይልቅ ያምራል፤ ወጪውም ያንሳል። በዝናብ ቀን በእርጥብ ጫማ ለሚገቡ አረጋውያንም የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ አይሆንም።

በመብራት ረገድ የአምፖል ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። በየሱቁ የሚበዛው 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚለው ነው፤ እሱ ለክሊኒክና ለሱቅ ይሁን፤ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ስለሚሰጥ ሥዕሉንም፣ እንጨቱንም፣ የሰውንም ፊት ያቀዘቅዛል። ለእናንተ የሚሆነው ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ሲሆን፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃውም (CRI) 90 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ለምዕመናኑ መቀመጫ ከ150 እስከ 200 ሉክስ (በቦታው የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ለንባብ ይበቃል፤ መሠዊያው ላይ የሚያርፈው ከዚህ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። አምፖሎቹ ራሳቸው እንዳይታዩ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨቶች ጀርባ ይደበቁ። ማብሪያ ማጥፊያው ቢያንስ በሦስት ይከፈል፤ አንዱ ለግል ጸሎት፣ አንዱ ለዘወትር ቅዳሴ፣ አንዱ ለበዓል። በትንሣኤ ዋዜማ ቤቱ በጨለማ ጀምሮ በሻማ ሲበራ፣ ከዚያም በግሎሪያው (የምስጋና መዝሙሩ) ጊዜ ሁሉም መብራት ሲለኮስ ያለው ደስታ የሚመጣው መብራቱን መከፋፈል ሲቻል ነው። ሰማያዊውን መብራት በተመለከተ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ አታድርጉት። ከስቅለቱ ጀርባ ብርሃን ሲኖር የጌታ ፊት ይጠቁራል፤ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ በአንድ ወገን ዘንበል ያለ አንዲት ሞቅ ያለች መብራት ብትኖር ግን የተቀረጸው አካል ጥላና ብርሃን ያገኛል፣ ከኋላ ወንበር ያለውም ያየዋል።

በመጨረሻም ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ አለ። የፕላስቲክ አበባውን፣ ያለፈ ዓመት የተሰቀለውን ጨርቅና ባነር፣ የካሌንደሩን ሥዕል፣ በመሠዊያው ዙሪያ የተደረደረውን ትርፍ ጠረጴዛና የድምፅ ማጉያ ሽቦ አንሡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ በአንቀጽ 124፣ ጳጳሳት ከብልጭልጭታ ይልቅ የከበረ ውበትን እንዲሹ ያሳስባል። ይህን አንድ ሳምንት ሞክራችሁ እዩት፤ ቀለም ሳይገዛ ቤተ ክርስቲያናችሁ ትሰፋለች። እቅዱ ሲጠናቀቅ ደግሞ የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሂድ፤ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 1216 ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም ሆነ ሲታደስ የባለሙያ ምክር እንዲጠየቅና የሥርዓተ አምልኮና የቅዱስ ሥነ ጥበብ መመሪያዎች እንዲጠበቁ ያዝዛል።

ጥያቄ፦ በቁምስናችን ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ የድሮ መሠዊያ አለ። የተቀረጸ እንጨትና እብነ በረድ አለው፤ ከፊቱ ግን ላለፉት ብዙ ዓመታት የምንጠቀምበት ቀላል የእንጨት ጠረጴዛ ቆሟል። በእድሳቱ ምክንያት የድሮው ይፍረስ የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አስቀርቶታል የሚል ነው። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ አልቅሰዋል። እውነት መፍረስ አለበት?

መልስ፦ እኅታችን፣ የለበትም። የጉባኤው ሰነድ መሠዊያ አፍርሱ አይልም፤ እንዲያውም በአንቀጽ 126 የከበሩ ንዋየ ቅድሳት እንዳይሸጡና እንዳይበተኑ ጳጳሳት እንዲጠነቀቁ አደራ ይላል። መሠዊያ ከግድግዳ ተለይቶ እንዲቆም የሚለው በ1964 በወጣው የአፈጻጸም መመሪያ የመጣ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው የሮም መጽሐፈ ቅዳሴ አጠቃላይ መመሪያም በቁጥር 299 ይህንኑ ይጠይቃል። ስለ እናንተ ዓይነቱ ሁኔታ ግን ቁጥር 303 በግልጽ ይናገራል፦ የድሮው መሠዊያ አቀማመጥ ለምዕመናን ተሳትፎ የማይመች ሆኖ፣ የሥነ ጥበብ ዋጋውን ሳያበላሹ ማንቀሳቀስ ካልተቻለ፣ ሌላ ቋሚ መሠዊያ በጥሩ ጥበብ ተሠርቶ በሥርዓቱ ይቀደሳል፤ ቅዳሴውም በእሱ ላይ ብቻ ይፈጸማል። የድሮው በቦታው ይቆያል፤ ሆኖም የምዕመኑ ትኩረት ከአዲሱ እንዳይከፈል በተለየ ሁኔታ አይሸለምም።

ስለዚህ በእናንተ ዘንድ ችግር የሆነው የድሮው መሠዊያ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ጠረጴዛ ነው ብል አልሳሳትም። ለጊዜው የቆመ ጠረጴዛ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት መሠዊያ ሆኖ መቅረቱ በብዙ ቁምስና የሚታይ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያልተጠናቀቀ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቀኖና 1236 የቋሚ መሠዊያ ገበታ እንደ ልማዱ ከአንድ ወጥ የተፈጥሮ ድንጋይ እንዲሆን ይላል፤ የጳጳሳት ጉባኤ ከፈቀደም ሌላ የሚገባና ጠንካራ ነገር ይቻላል። በአቅራቢያችሁ ጥሩ ድንጋይ ጠራቢ ካለ፣ ከአካባቢው ድንጋይ የተጠረበ፣ ከድሮው ጋር በቀለም የሚስማማ ነገር ግን የማይፎካከረው ወፍራም ገበታ አሠሩ። ቁመቱና ስፋቱ ከድሮው መሠዊያ መካከለኛ ክፍል ጋር ይመጣጠን፤ ካህኑ ዙሪያውን ሲያጥን አልባሳቱ እንዳይነካካ በሁለቱ መካከል በቂ ቦታ ይቅር። የድሮው መሠዊያ መካከል የቅዱስ ቁርባን ታበርናክል (ማኖሪያ ሣጥን) ካለበት እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ መመሪያው የሚከለክለው ቅዳሴ በሚቀደስበት መሠዊያ ላይ መቀመጡን ነው። ቀኖና 938 ታበርናክሉ ጎላ ባለ፣ በሚያምርና ለጸሎት በሚመች ስፍራ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ከአዲሱ መሠዊያ ጀርባ በመካከል መታየቱ ይስማማዋል።

በድሮው መሠዊያ ላይ ያሉትን ሥዕሎችና ቅርጾች በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለአምልኮ የቀረበ፣ በጥንታዊነቱ ወይም በጥበቡ የከበረ ምስል ያለ ጳጳሱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይታደስ ቀኖና 1189 ይከለክላል። በጎ ፈቃደኛ ሠዓሊ በዘይት ቀለም ፊታቸውን «አሳምሮ» ያበላሻቸው ቅዱሳን ጥቂት አይደሉም፤ አንዴ ከተቀባ በኋላ ዋናውን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ከማንሣት ያለፈ ነገር አታድርጉ፤ ውሃም፣ ቫርኒሽም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የምንገኝ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን ነን። የራሳችን ሕንፃ ስለሌለን የላቲን ቁምስና ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ከሰዓት በኋላ ተፈቅዶልን እንገለገላለን። ቤቱ በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ መሠዊያው እንደ መድረክ ወደ ሕዝቡ የገባ ነው። ልጆቻችን መቅደስ፣ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት ምን እንደሆኑ አያውቁም። ግድግዳውን መንካት ሳይፈቀድልን ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ሥርዓታችሁ ራሱ ብዙ ይረዳችኋል፤ በግዕዝ ሥርዓት ቅድስናው የሚገለጸው በመለየትና በመጋረድ ነውና። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናትን ጉዳይ የሚመለከተው የቫቲካን መሥሪያ ቤት በ1996 ያወጣው የሥርዓተ አምልኮ መመሪያ የመቅደሱን ከሕዝቡ መለየትና ወደ ምሥራቅ ዞሮ የመጸለይን ትውፊት እንድትጠብቁ ያበረታታል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት መብታችሁ የሆነውን እንጂ የተለየ ውለታ አይደለም። ይህን ለባለቤቱ ቁምስና ቆሞስ በአክብሮት አስረዱ።

ከባድ መሠረት ያላቸው ሁለት የእንጨት ምሰሶዎችና በመካከላቸው የሚዘረጋ ዘንግ አሠሩ፤ ተነቃቃይ ሆነው በቁም ሣጥን የሚገቡ ይሁኑ። መጋረጃው ከባድ ጨርቅ ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ያንሳፍፈዋል። በመጋረጃው ግራና ቀኝ የጌታና የእመቤታችን ሥዕል በአትሮንስ ላይ ይቁም። ከመጋረጃው ውስጥ ያለው መብራት በሙሉ ይብራ፣ የሕዝቡ በኩል ያለው ደግሞ ይቀንስ፤ በቅዳሴው መካከል መጋረጃው ሲከፈት ብርሃኑ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ ልጆቻችሁ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ወንበር ማንሣት ከተፈቀደላችሁ ያ ስፍራ ከበሮና መቋሚያ ይዘው ለሚቆሙት ይሁን። ሕንፃው ወደ ምሥራቅ የማይዞር ከሆነ የመሠዊያውን አቅጣጫ እንደ ምሥራቅ ቆጥራችሁ፣ ካህኑም ሕዝቡም በአንድነት ወደዚያ ቁሙ።

ዕጣንን በተመለከተ ከቆሞሱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የጢስ ጠቋሚ መሣሪያዎቹ የት እንዳሉና ማን እንደሚያስተዳድራቸው ጠይቁ፤ በራሳችሁ ፈቃድ አትሸፍኗቸው፤ በአብዛኛው ቦታ ሕገ ወጥ ነው።

ጥያቄ፦ እድሳቱ በሚካሄድበት ጊዜ ቅዱስ ቁርባን የት ይቀመጥ?

መልስ፦ አቧራና ሠራተኛ ከሚበዛበት ክፍል ይውጣ። ቆሞሱ የሚመርጠው ትንሽ ጸሎት ቤት ወይም የእኅቶች ገዳም ጸሎት ቤት ካለ እዚያ ይዛወር፤ ከሌለ ከቁምስናው ክፍሎች አንዱ ተጠርጎ ለዚህ ብቻ ይለይ። ማኖሪያው የማይንቀሳቀስ፣ ጠንካራ፣ ውስጡ የማይታይና የሚቆለፍ ይሁን፤ ቁልፉም በሠራተኞች ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ አይግባ። በአጠገቡ የማይጠፋው መብራት ይብራ፤ ምዕመናንም ገብተው እንዲጸልዩ በሩ በታወቀ ሰዓት ይከፈት። ባዶው ታበርናክል ግን በሥራው ጊዜ በሩ ተከፍቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ሠራተኛውም ምዕመኑም ባዶ መሆኑን ያውቃሉ።